ሾተላይ ያሉት

«የለችም በያት» አለች ሰብለ፣ በመጋረጃው ጠርዝ ወደ ግቢው እያጮለቀች። «ማንኩሳ ለቅሶ ሄዳለች በያት።»

የቆርቆሮው በር እንደገና ተንኳኳ። ውጭ የቆመችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር እታለም ናት። በዚህ ሳምንት ስትመጣ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። መጀመሪያ ትሕትና «ገበያ ሄዳለች» አለቻት፤ ቀጥሎ «ተኝታለች» አለች። ለዛሬ ደግሞ ማንኩሳ ላይ አንድ ሰው መሞት ነበረበት።

ትሕትና አሥረኛ ክፍል ናት። ከማንኩሳ መጥታ ፍኖተ ሰላም እህቷ ሰብለ ዘንድ ሆና መማር ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ሰብለ የአምስት ወር እርጉዝ ናት። ለክትትል ሄዳ ደም ከሰጠች በኋላ አንድ ቀን ስልክ ተደወለላት፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳን አጥፍታ ቤት ተቀምጣለች።

ሦስተኛ እርግዝናዋ ነው። ካቻምና አስወረዳት። አምና ልጁ በስምንት ወሩ ሞቶ ተወለደ። ሰፈሩ ሁሉ ሾተላይ ነው አለ፤ ልጅ አላሳድግ የሚል ክፉ ዕጣ፣ ማንም የማይጠየቅበት። ሰብለም ስሙን ዝም ብላ ተቀበለችው።

ያን ሕፃን እስከ መቀበሪያው የታቀፈችው ትሕትና ነበረች። የሰብለ ባል አንዷለም ዶማ ይዞ ከፊቷ ይሄድ ነበር። መንገድ ላይ ነጠላው ተንሸራቶ ትንሿ እግር ብቅ አለች፤ የውስጥ እግሩ ቆዳ ተልጧል። መልሳ ሸፈነችው፣ ለማንም አልተናገረችም። ክብደቱ ግን ከክንዷ አልወርድ አለ። ደብተሯን ስታቅፍ አለ፤ ስኳር ተልካ ስትመለስ አለ። አንዳንዴ ባዶ እጇን እየሄደች ክንዷን አጥፋ ታገኘዋለች።

ባለፈው ወር መምህር እንዳለው ስለ ቂጥኝ ሲያስተምሩ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሄቨን «ኧረ ሼም ነው» ብላ ፊቷን በደብተር ሸፈነች። መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ቀጠሉ። መጀመሪያ የማያም ቁስል ይወጣል፤ ሳይታከምም ይደርቃል። ቆይቶ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሳይቀር ሽፍታ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ አያሳክክም፣ እሱም ይጠፋል። «ሰው ዳንኩ ይላል» አሉ። «በሽታው ግን ከውስጥ ተቀምጧል። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ ወደ ልጇ ያልፋል፤ በሆዷ እንዳለ ሊገድለውም ይችላል። የሚለየው በደም ምርመራ ነው።»

ትሕትና አልሳቀችም። የሰብለ መዳፍ ነው የታያት። ካቻምና ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶበት ነበር። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ያሸችላት ራሷ ትሕትና ናት፤ ሲጠፋም በእጄ ዳነች ብላ ኮርታ ነበር። ከዚያ ትምህርት ወዲህ ያ ኩራት ያንገበግባታል።

«እትዬ» አለች አሁን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የደሙን ውጤት አይተው እኮ ነው የሚመላለሱት።»

«እኔስ መቼ ጠፋኝ? ስትደውል ‹ከባለቤትሽ ጋር ነይ› አለችኝ። ከባል ጋር የሚያስጠራው ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ አውቃለሁ።» ሰብለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አንዷለም ቅዳሜ ከቡሬ ይመጣል። ‹ከየት አመጣሽው› ቢለኝ ምን እላለሁ? እኔ ከሱ ሌላ ሰው አላውቅም። ማን ያምነኛል? ከፈታኝስ፣ አንቺ የት ሆነሽ ልትማሪ ነው?»

ትሕትና ይህን አላሰበችውም ነበር። ፈራች። ማንኩሳ ተመልሳ ትምህርቷን ስታቋርጥ ታያት፣ ለአፍታም የለቅሶውን ውሸት ልታወራ ወደ በሩ ዞረች።

ከዚያ ክንዷ ከበዳት።

«መድኃኒት አለው፤ መርፌ ነው» አለች ሳትዞር። «እናቲቱ ቶሎ ከታከመች ልጁንም ማዳን ይቻላል ብለዋል መምህሩ።»

«መምህሩ ጎረቤቴ አይደሉም። ሾተላይ ሲሉኝ ቢያንስ ያዝኑልኛል።»

«እንግዲያ ይህኛውን ሌላ ሰው ይታቀፍልሽ። እኔ አልችልም።»

ውጭ የነርሷ እርምጃ ከበሩ ሲርቅ ተሰማ። ትሕትና ግቢውን በሩጫ አቋርጣ በሩን ከፈተች።

«ሲስተር፣ ቤት ናት። ይግቡ።»

ነርሷ ያለፉትን ውሸቶች አላነሳችባትም። ከጎን ልብስ የምታሰጣውን ጎረቤታቸውን እልፍነሽን አየት አደረገችና፣ «የክትትል ቀኗ አልፎ ነው እኮ» አለች፣ ለጎረቤቷም እንዲሰማ ጮክ ብላ። ከዚያ ወደ ቤቱ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

ትሕትና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የሰብለ ለቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎ የነርሷ ድምፅ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ቀስ እያለ። «አንዷለምንም እኔ ራሴ አነጋግረዋለሁ፤ እሱም መታከም አለበት» ስትል ሰማች። ሌላው አልተሰማትም።

ሲወጡ ሰብለ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ነበር። እህቷን አላየቻትም። እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ትሕትና ከጎኗ ሄደች። አንዷለም ቅዳሜ በየትኛው መኪና እንደሚደርስ አታውቅም፤ ብቻ ሲመጣ እህቷን ትታ ከቤት እንደማትወጣ ወሰነች።