ሃያ ስምንቱ ደረጃ

ሰርክአዲስ እንጅባራ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። መሥሪያ ቤቱ አዲሱ ሕንፃ ሲገባ መዝገብ ቤቱን ፎቅ ላይ አወጡት። ሃያ ስምንት ደረጃ! እሷ ደግሞ በጣም ወፍራም ናት፤ ገና ስድስተኛው ላይ ጉልበቷ ይከዳታል።

ጧት አንዴ ከወጣች እስከ ማታ አትወርድም። ባልደረቦቿ ምሳ ሲሄዱ መጀመሪያ ይጠሯት ነበር፤ ኋላ ተዉት። እየተሳሳቁ ሲወጡ በመስኮት ታያቸዋለች፤ ከዚያ ዳቦዋን ብቻዋን ትቆርሳለች። ሆድ ይብሳታል።

አንድ ቀን አለቃዋ አቶ መሳፍንት ዘንድ ገባች።

«ታች ተቆልፎ የሚውለውን ክፍል ይስጡኝ።»

«እሱ ለአካል ጉዳተኛ የተያዘ ነው።»

«እኔስ ደረጃውን መቼ ቻልኩት?»

አቶ መሳፍንት ሳቁ። «ኧረ እህቴ! በድሎት የመጣ ነገር ጉዳት ይባላል? ቀነስ አድርጊ እንጂ! ደረጃውም ስፖርት ነው።»

ድሎት! እናንተዬ፣ በአገራችን ወፍራም ሰው ቢታመም እንኳ «ተስማምቶሃል» ነው የሚባለው። ስንት ሐኪም ቤት እንደተመላለሰች፣ ስንት ቀን ጦሟን እንዳደረች ማን ጠየቃት? «አካል ጉዳተኛ» መባሉ ለራሷም ከብዷት ነበር። እሱንም ዋጥ አድርጋ ለምና ተከለከለች። ያን ዕለት የሥራ መልቀቂያዋን ጻፈች።

በማግሥቱ እማማ ዋጋዬ የሚባሉ አሮጊት ለጉዳያቸው ከጥሊሊ መጡ።

«ልጄ፣ ይህን ደረጃ እንዴት ልወጣው?» ብለው ከታች ተጣሩ።

ሰርክአዲስ መዝገባቸውን ታቅፋ መውረድ ጀመረች። እሳቸውም በምርኩዛቸው ወደ ላይ። መሃል ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ደክሟቸው እዚያው ቁጭ አሉ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አንቺም አልቻልሽም ለካ» አሏት። እንዲህ ያላት ሰው አልነበረምና እንባዋ መጣ፤ የታችኛውን ክፍል ለምና እንደተከለከለችም ነገረቻቸው።

አቶ መሳፍንት ደረጃውን ሊወጡ ሲሉ መንገዱ ተዘግቷል።

«ምንድን ነው ይሄ? ቢሮ የለም እንዴ?»

«ቢሮው ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ እዚህ ቀረን» አሉ እማማ ዋጋዬ። «አንተ ልጄ፣ ለእኔ ምርኩዜን አይተህ ታዝንልኛለህ። የእሷ ሕመም ምርኩዝ ስላልያዘ ነው የማታዝንላት?»

አቶ መሳፍንት ዝቅ ብለው ሰርክአዲስን አዩዋት። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እግሯ አብጧል። ደነገጡ።

«ውኃ ላስመጣልሽ?»

«በሥራ ሰዓት ውኃ አልጠጣም» አለች። «መጸዳጃ ቤቱ ታች ነው።»

ትናንት የጻፈችውን መልቀቂያ ስትሰጣቸው አቶ መሳፍንት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ስሙን ሕግ ያውጣለት፤ ክፍሉ ግን ዛሬውኑ ይከፈትላት» አሉ። «እኔንም ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ወገኖቼ፣ ውፍረት የአካል ጉዳት ነው አይደለም የሚለውን ክርክር አዋቂዎቹ ይቀጥሉበት። እኛ ግን አጠገባችን ያለውን ሰው ምን እንዳቃተው ለመጠየቅ አዋጅ አንጠብቅ።

በዚያ ቀን በምሳ ሰዓት የታችኛው ክፍል በር ተንኳኳ። «ሰርክዬ፣ ምሳ አትሄጅም?» አሏት ባልደረቦቿ። «መጣሁ» አለችና የቀዳችውን ውኃ እስከ መጨረሻው ጠጣች።