ከዕድሩ ድስት በላይ የተደረደሩት አምፖሎች

«አንድም የተሰበረ የለም» አለ ኢያቄም፣ ደረቱን ነፍቶ።

ልደት የዕድሩ እቃ ቤት በር ላይ ቆማ ፊቱን አየችው። ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። አብሯት ዘጠነኛ ክፍል የሚማር ልጅ እንዲህ ያለ ውሸት እንዲህ በረጋ ድምፅ መናገር ይችላል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ጥያቄውን ያቀረበችው ጽጌሬዳ የምትባል ባለሙያ ናት። ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ ያሉት አሮጌ የመንገድ መብራቶች ወርደው በአዲስ ሲተኩ፣ ሥራው በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ የምትከታተለው እርሷ ነበረች። ከጎኗ የሥራ ተቋራጩ ፎርማን ሚልዮን ስልኩን እየነካካ በየመሐሉ «ሁሉም ኦኬ ነው» ይላል። ለሚልዮን ኦኬ ያልሆነ ነገር ኖሮ አያውቅም። ለምሰሶ ቆፍሮ ሳይከድነው በሄደው ጉድጓድ ውስጥ አንድ አዛውንት ወድቀው እግራቸው በተሰበረ ጊዜም ኦኬ ነበር።

ኢያቄም ደግሞ የፕሮጀክቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የወጣቶች ተወካይ ነው። ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ አንድም ቅሬታ ሰምቶ አያውቅም፤ ሊሰማ የተቀመጠም አባል አልነበረውም። የነበረው ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰደርያ ለልደት አባት ለአቶ አጥናፉም ደርሷቸዋል። የዕድሩ ሊቀ መንበር ናቸውና ሰደርያውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ለብሰው ሥጋ ቤት ይሄዳሉ። ልደት በመንገድ ስታያቸው ሌላ መታጠፊያ መፈለግ ከጀመረች ሰንብታለች።

«ለመሆኑ እነዚህ አምፖሎች ለምን ከድስት በላይ ተቀመጡ?» ጽጌሬዳ ካርቶኖቹን ቀና ብላ አየች።

«ለጊዜው ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ አቶ አጥናፉ። «እኛ የፕሮጀክቱ አጋር ስለሆንን ነው።»

«አጋር» ያላቸው ሚልዮን ነበር። ለወረዱት አምፖሎች የተለየ ማከማቻ ማዘጋጀት ግዴታው ሲሆን፣ ይህ ቢያታክተው ወደ ሽማግሌው መጥቶ በዚህች አንዲት ቃል ደለላቸው። አቶ አጥናፉ በመዝገብ ቤት አርጅተው ጡረታ ሲወጡ ደህና ሁኑ ያላቸው እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ቃሉ እንደ ማር ጣማቸውና፣ ዕድርተኛውን ሳያማክሩ የእቃ ቤቱን ቁልፍ አወጡ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና የለቅሶው ድስት ከሚቀመጡበት ቤት የመንገድ አምፖል ገባ።

ጽጌሬዳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እነዚህ አሮጌ አምፖሎች ውስጣቸው ሜርኩሪ አለው፤ እናንተ ባዜቃ የምትሉት። ካልተሰበሩ ችግር የለም። ከተሰበሩ ግን በውኃና በሳሙና የሚለቅ ነገር አይደለም። ድስት ውስጥ ገብቶ ያ ድስት ከተጣደ ደግሞ፣ ሲሞቅ እንፋሎቱ ይነሣል። የሚያበስለውም የሚበላውም ይጎዳል። ለዚህ ነው ደጋግሜ የምጠይቀው።»

«አልተሰበረም አልኩ እኮ» አለ ኢያቄም። «ማለቴ፣ በየቀኑ ቼክ አደርጋለሁ።»

ጽጌሬዳ ካርቶኖቹ በአስቸኳይ እንዲወጡ አሳስባ፣ ያልተከደኑ ጉድጓዶችን ለማየት ከሚልዮን ጋር ወደ ካዛንቺስ መንገድ ወጣች። አቶ አጥናፉ እስከ በሩ ሸኟት፤ እጃቸው እንደ ሚኒስትር ወደ ኋላ ታስሮ ነበር።

ከሁለት ቀን በፊት፣ ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት መልስ፣ ኢያቄም ሰደርያውን ለብሶ ቲክቶክ ሊሠራ ካርቶኖቹ ላይ ወጥቶ ነበር። «የሰፈሩን ብርሃን ተዋወቁ» ብሎ ጣቱን እንደ ቀሰረ ካርቶኑ ከዳው። አምፖሎቹ አፉን ከፍቶ በተቀመጠው ትልቁ ድስት ውስጥ ተንኮታኮቱ። ኢያቄም ስብርባሪውን በመጥረጊያ አውጥቶ ቆሻሻ መጣያ ከተተ፤ ድስቱንም በሰደርያው ጫፍ ወለወለው። ያን ቀን ልደት «ለአባዬ ንገረው» ስትለው «እነግራቸዋለሁ» ብሏት ነበር።

ልደት ይህን እያሰበች ሳለ ወይዘሮ ማዕዛ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ወደ ግቢው ገቡ። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ጋሽ ተካ ሌሊት አርፈዋል፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ንፍሮ ሊጠብቀው ይገባል።

«ትልቁን ድስት አውጡልን» አሉ ወይዘሮ ማዕዛ። «ጋሽ ተካ ያልለካው ሰው የለም። ዛሬ ሰው ይበዛል።»

ኢያቄም ከሁሉም ቀድሞ ገባና የድስቱን ጆሮ ይዞ አወጣው። ሴቶቹ በሦስቱ ጉልቻ ላይ አስቀምጠው የቧንቧውን ጎማ ከተቱበት። ውኃው መንዷለል ጀመረ። ልደት ኢያቄምን በክንዱ ይዛ ግቢው ጥግ ተደግፈው ከቆሙት የድንኳን ቋሚዎች ጀርባ ሳበችው።

«አብደሃል? የሰማኸው ነገር አልገባህም?»

«አታካብጂ በናትሽ። ጠርጌዋለሁ፣ ወልውዬዋለሁ። በቃ።»

«በውኃና በሳሙና አይለቅም አለች እኮ።»

«እሷ እኮ ደሞዝ የሚከፈላት ለማስፈራራት ነው። ላሽ በይው።»

«የጋሽ ተካ ልጆች ይበሉበታል፣ ኢያቄም። እትዬ ማዕዛ እላዩ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያማስሉ ይውላሉ።»

ኢያቄም ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየና ፈገግ አለ። «እሺ፣ ሂጂና ንገሪያቸው። ቁልፉን ያወጣው ማነው? ፋዘርሽ። አምፖሉን ድስት ላይ ያስጫነው ማነው? ፋዘርሽ። ዕድሩ በሙሉ ነገ ማን ላይ ነው ሙድ የሚይዘው? ደግሞስ ቪዲዮውን የቀረጸው ማነው፣ ጀለሴ? ስትስቂ ድምፅሽ ገብቷል።»

ልደት ክንዱን ለቀቀችው። ለሚልዮን፣ ለአባቷና ለዚህ ልጅ ያላትን ንቀት ሁለት ቀን ሙሉ በሆዷ ስታፈላው ነበር፤ እርሷ ግን ከበሩ ሆና ጽጌሬዳ ስትጠይቅ አፏን አልከፈተችም። ንቀቷ ማንንም ከምንም አላዳነም። ለመናቅማ አፍ አያስፈልግም።

አባቷን በር ላይ አገኘቻቸው።

«አባዬ፣ ያ ድስት መጣድ የለበትም። ሐሙስ ዕለት አምፖል ተሰብሮበታል።»

አቶ አጥናፉ ወደ ሴቶቹ አዩ፤ ከዚያ ሰደርያቸውን አስተካከሉ። «ማን ነገረሽ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«እንግዲያው ዝም በይ» አሉ በለሆሳስ። «ባለሙያዋ አይታ ሄዳለች፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። ድስቱ ውኃ ገብቶበታል፣ እሳቱ ሊነድ ነው። በዚህ ሰዓት ሊቀ መንበሩ ዕድርተኛውን መርዝ ሊያበላ ነበር ይባልልኝ?»

«ቢበሉስ ምን ይባላል?»

«አንደበትሽን ሰብስቢ። ልጅ የአባቷን ገመና በአደባባይ አታወጣም።»

ልደት የአባቷን ዐይን ፈለገች። እርሳቸው ግን ከራስዋ በላይ መንገዱን፣ ያልበራውን አዲስ ምሰሶ ያዩ ነበር። ሽማግሌው መፍራታቸው ያን ጊዜ ታያት። ሰደርያው ሰፍቷቸው፣ ትከሻቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነበር። አሳዘኗት፤ ቢሆንም ልታከብራቸው አልቻለችም።

ወይዘሮ ማዕዛ ክብሪት ጭረው ወደ ጭራሮው ጎንበስ ሲሉ፣ ልደት ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ቧንቧውን ዘጋችው።

«ምነው ልጄ፣ ገና ግማሽ አልሞላም እኮ።»

«እትዬ ማዕዛ፣ እሳቱን አያንድዱት። ሌላ ድስት እንፈልግ፤ ከላንቻ ሰፈር ዕድር መዋስ እንችላለን፣ እኔ እሄዳለሁ። ይኼኛው ላይ የመንገድ አምፖል ተሰብሮበታል። መርዝ አለው።»

ሴቶቹ ቀና አሉ። ከድንኳን ቋሚዎቹ ጀርባ ኢያቄም ራሱን ነቀነቀ፤ አቶ አጥናፉ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥተው ቆሙ። ወይዘሮ ማዕዛ ጣታቸው ላይ ሊደርስ የተቃረበውን ክብሪት እፍ አሉና መሬት ላይ ጣሉት።

«ማነው የሰበረው?»

ልደት ወደ ኢያቄም አላየችም፤ ወደ አባቷም አላየችም።

«ሐሙስ ዕለት ነው» አለች። «ስልኩን ይዤ እቀርጽ የነበርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ልጀምርልዎ።»