በስዊቹ ክፍል የወደቀው ሰው

ኢንስፔክተር ያለምዘውድ ሉማሜ ከተማ ካለው ኮሌጅ ስትደርስ ሬሳው ገና ከመሰላሉ ሥር ነበር። ሰሞኑን እንቅልፍ የሚባል አላየችም፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣችውም በጭቃና በጉም ነው። ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተንበረከከች።

ሟቹ ፍሥሐ የኮሌጁ የኔትወርክ ባለሙያ ነበር። ማጅራቱ የሲሚንቶውን ደረጃ ጠርዝ መትቷል። ከበላዩ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሳጥን ውስጥ፣ የግቢውን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘው ስዊች አረንጓዴ መብራቶቹን ያርገበግባል። የኤሌክትሪክ ገመዱ የተሰካው ግን ከመሰላሉ ራቅ ብሎ፣ ወደ ጓሮ በሚያስወጣው በር አጠገብ ነው።

«አዳልጦት ነው» አለ ዲኑ ፍቅረ ሥላሴ። «ስንቴ ተጠንቀቅ ብዬዋለሁ።»

«እናያለን» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ድካም ብቻ ነበር።

ተማሪዎቹ ለክረምት ወጥተዋል። ከሟቹ ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ተራ በተራ ጠየቀቻቸው።

የኮምፒውተር መምህሩ ድረስ ቀድሞ ገባ። «ኢንተርኔቱ ድንገት ተቋረጠብኝ። ፍሥሐን ልጠይቀው ስነሳ የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ።»

«መብራት ሄዶ ይሆን?»

«አልሄደም፤ ኮምፒውተሬ በርቶ ነበር። እኔና አይናዲስ ሮጠን ስንገባ ስዊቹም በርቷል። ዲኑ ከኋላችን ደረሰ።»

ሬጅስትራሯ አይናዲስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «እኔም ውጤት ሳስገባ ተቋረጠብኝ፤ ከዚያ ነው ድው ያለው። ጠዋት ፍሥሐ ‹የውጤቱ ኮምፒውተር ከእንግዲህ ካንቺ ቢሮ በቀር ከየትም አይከፈትም፤ መንገዱን ስዊቹ ላይ ዘግቼዋለሁ› ብሎኝ ነበር። ውጤት የሚነካካ ሰው እንዳለ ደርሶበት ነበር።»

«ማን ነው?»

«መጀመሪያ ራሱን ላናግረው ብሎ ደበቀኝ።»

ፍቅረ ሥላሴ ተረጋግቶ መለሰ። «ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ኢሜይል እጽፍ ነበር።»

«ኢንተርኔቱ ተቋርጦብዎት ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ድምፁን እስክሰማ ድረስ እየሠራሁ ነበር።»

ኢንስፔክተሯ የሦስቱን ቢሮዎች ኬብል በጣቷ እየተከተለች ሄደች፤ ሁሉም እዚያው ስዊች ላይ ይገባሉ። ቀጥላም ድረስን ወደ ዲኑ ቢሮ ወሰደችውና ከዚያ ሆኖ የውጤቱን ኮምፒውተር ለመክፈት እንዲሞክር አዘዘችው። ተከፈተ።

«ፍሥሐ ዘግቶት አልነበረም?»

«ዘግቶት ሴቭ ካላደረገው፣ ስዊቹ ጠፍቶ ሲነሳ ወደ ድሮው ይመለሳል» አለ ድረስ።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መብራት አልሄደም፤ ስዊቹ ግን ጠፍቷል። ከውድቀቱ በፊት ነው የጠፋው፤ ስለዚህ ፍሥሐ ሲወድቅ ጎትቶት አይደለም። መሰላል ላይ ያለ ሰው በሩ ጋ ያለውን ሶኬት አይደርስበትም። ከወደቀ በኋላ ደግሞ ተመልሶ ተሰክቷል። የወደቀው ሰው ተነስቶ ሰካው? ሌላ ሰው እዚህ ነበረ፤ በጓሮውም በር ወጥቷል። ስዊቹ ሲጠፋ የሁሉም መስመር ይቋረጣል። ሁለቱ ቢሯቸው ስለነበሩ አወቁ። እርስዎ አላወቁም፤ ቢሮዎ አልነበሩማ። የተዘጋው መንገድም የተከፈተው ለእርስዎ ነው።»

ፍቅረ ሥላሴ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ታናሽ ወንድሜ እዚህ ይማራል» አለ። «እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት። ሁለት ኮርስ ወደቀ፤ አስተካከልኩለት። ፍሥሐን ለመንኩት፣ እንቢ አለኝ። ሴቭ ሳያደርገው ሶኬቱን ነቀልኩ። ከላይ ሆኖ ጮኸብኝ። እንዲወርድ ብዬ መሰላሉን ነቀነቅሁት እንጂ እንዲሞት አልፈለግሁም።»

«ሲወድቅ ትንፋሽ ነበረው?»

ዓይኑን ወደ መሰላሉ አነሳ።

«ነበረው። ስሜን ጠራኝ።»

«እርስዎስ?»

«ሶኬቱን ሰካሁ።»

አይናዲስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ዲኑን ይዘውት ሲወጡ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ያለምዘውድ መኪናው ውስጥ ገብታ ራሷን ወንበሩ ላይ አስደገፈች።

«ወደ ማርቆስ?» አለ ሾፌሩ። «ትንሽ እንኳ ቢያርፉ።»

«ወደ አምበር ንዳ። የፍሥሐ እናት እዚያ ናቸው፤ ልጃቸው ለእሑድ ይመጣል ብለው ይጠብቁታል።»