የሰዓቱ ጅራት

ሰፊዋ የባሏን ሸሚዝ ከታች ወደ ላይ እየቆለፈች ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስትደርስ፣ ባሏ እጇን በጨዋነት ያዘና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

«እመቤቴ» አላት፤ «ደግነትዎን አልጠላሁትም፤ ነገር ግን እኔ ባለትዳር ነኝ። ባለቤቴ ክር ልትገዛ ወጥታ ነው። አሁን ብትደርስ ሁለታችንንም በመርፌ ነው የምትጠቀጥቀን።»

ይህ የሆነው የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከከተማዪቱ ደጃፍ በደረሰበት ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ማለዳ ነው፤ ቤቱም ከአደባባዩ የሰዓት ማማ ሥር ያለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ናት። ሰፊዋ የተባለችው በሙያዋ እንጂ በወርዷስ ክር ነበረች፤ የሰዓት ማማው ጠባቂ የሆነው ባሏ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ሰፊዋ መጣችና በሩን በሁለት በኩል ክፈቱላት» እያለ ሲቀልድባት ኖሯል። ዛሬ ቀልዱም ስሟም አንድ ላይ ከአፉ ጠፍተው ነበር።

«ይህን ያህል ቁጡ ናት እንዴ?» አለችው ሳቋን እየዋጠች።

«ቁጡስ አይደለችም። ብቻ ታኮርፋለች፤ እሷ ካኮረፈች ደግሞ ቀኑ አይመሽልኝም።»

ሰፊዋ ሸሚዙን ለቀቀችና፣ «እንግዲያው እኔም ፈራኋት፤ አልነካዎትም። እጅዎን ብቻ ወደ ፊት ይዘርጉልኝ» አለችው።

ዘረጋላት፤ መዳፎቹንም ጋሪ እንደሚያስቆም ሰው ቀጥ አድርጎ አቆማቸው፤ እነሱ ግን መቆም አልሆነላቸውም፤ መብረር እንዳማራት ዶሮ ክንፍ ወደቅ ነሣ፣ ወደቅ ነሣ አሉ። ጠጋ ብላ ትንፋሹን አሸተተች፤ ሊበላሽ የተቃረበ ፍሬ ጠረን ነበረው። ሕመሙ እንደ ተመለሰበት ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም።

ከብዙ ዓመት በፊት የወፍ በሽታ ይዞት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ቢጫው ሲለቀው ሁሉም «ዳነ» አለ፤ ጉበቱ ግን አልዳነም፤ ውስጥ ውስጡን እየጠጠረና እየኮሰመነ ሄዶ በመጨረሻ ልቡን፣ ማስተዋሉን፣ ይነሣው ጀመር። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ የከተማው ሰው ግን ደረጃው ላይ ሲንገዳገድ ባየው ቁጥር «ባለ ሰዓቱ ዛሬም ቀምሷል» ይል ነበር። ነገሩን ለሰፊዋ ያስረዳት ሽማግሌው ሐኪም ነው።

«ጉበት የሆድ ዘበኛ ነው፣ ልጄ» ብሏት ነበር፤ «ዘበኛው ሲደክም ከአንጀት የሚነሣው መርዝ ማንም ሳይጠይቀው ሽቅብ ወደ ራስ ይወጣል። ለጉበቱ መድኃኒት የለኝም፤ ለልቡ ግን አለኝ። አጓት በብርጭቆ፣ የሆድ ማለስለሻ በማንኪያ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ሆዱን ካላስቀመጠው ልቡ አይቀመጥም፤ ይህን ያዢ።»

ይዛው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ማንኪያ አላጓደለችም። ነገር ግን ባቡሩ የሚገባበት ቀን ቀርቦ የከተማው ሹማምንት ሁለት መቶ ባንዲራ ስላዘዟት፣ እሑድና ሰኞን ከስፌት መኪናዋ ጋር ተጣብቃ ዋለች፤ ማታ ላይ የማለስለሻውን ጠርሙስ ብታየው ከቅዳሜ ወዲህ አልጎደለም። ባንዲራዎቹ ተቆልለው ሲያዩዋት እንደ ከሳሽ ነበሩ።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ከሁለት ወር በፊት እንደዚሁ ልቡን ጭጋግ በሸፈነው አንድ ቀን፣ እንደ ልማዷ «ሰዓቱን ሙላው» ብላው ወደ ሥራዋ ዞረች፤ እሱም ባልዲ አንሥቶ ከጉድጓዱ ቀዳ፤ መቶ አሥሩን ደረጃ ወጣ፤ የከተማዪቱን ሰዓት እስከ አፉ በውኃ ሞላው። ሰዓቱ ግማሽ ቀን ቆመ፤ ከማማው ግድግዳ ላይ ውኃ ሲንጠባጠብ ያየ ሁሉ ለከንቲባው ተናገረ። አሁን ደብዳቤ መጥቷል፤ ሐሙስ ማለዳ ክቡር ከንቲባውና የምድር ባቡሩ ሹም ወደ ማማው ይመጣሉ፤ ሹሙ የአገሩን ሰዓት በባቡር ሰዓት ሊተካ፣ ባለ ሰዓቱንም ሊመረምር፤ «አእምሮው ያልጸና ሆኖ ከተገኘም ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሕሙማን ግቢ ይዛወራል።» ወደዚያ ግቢ የሄደ ሲመለስ ሰፊዋ አላየችም።

«ሁለት ቀን አለን» አለችው።

«ከማን ጋር?» አለ እሱ በትሕትና።

ባንዲራዎቹን ወደ ጥግ ገፋቻቸውና አጓቱን ቀድታ ማለስለሻውን ጨመረችበት። እንግዳ ሴት ያቀረበችለትን ብርጭቆ እንዴት እንደሚጠጣ ግራ ገብቶት ነበር፤ «ባለቤትዎ ናት የላከችው» ስትለው ግን አንድ ጊዜ ጨለጠው። ከዚያ በኋላ ያለው ማክሰኞ የሩጫ ቀን ነበር፤ ከክፍሉ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ክፍሉ፤ አንዴ በጊዜ ደረሱ፤ አንዴ አልደረሱም፤ ሰፊዋም የአልጋ ልብስ ስታጥብ «ይህን የባቡር ሹሙ ቢያይ በዚህ ፍጥነት ሐዲዱን ይዘረጋ ነበር» ብላ ብቻዋን ሳቀች። በመካከሉ እሱን ለጎረቤቷ ለሸማኔዋ አደራ ትታ መቶ አሥሩን ደረጃ ወጣች፤ ሰዓቱንም እጀታውን እየጠመዘዘች ሞላች። በውኃ አይደለም። ያን ሥራ ከዓመት ወዲህ አብዛኛውን ቀን እሷ ነበረች የምትሠራው፤ ከተማዪቱ አታውቅም ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወስዶት ነቃ፤ ጣሪያውን አየ፤ ባንዲራዎቹን አየ፤ ከዚያ እሷን አየና ግንባሩን ቋጠረ።

«ሰፊዋ» አላት። «ይህን ሁሉ ባንዲራ ማን ወረረን ብለሽ ነው?»

መርፌዋ ከእጇ ወደቀ።

«ልብህ ተመለሰ?»

«ወዴት ሄዶ ነበር? ምን አጠፋሁ ደግሞ?»

«ምንም። አንዲት ሴት ሸሚዝህን ልትቆልፍልህ ብትመጣ፣ ባለትዳር ነኝ ብለህ አባረርካት።»

ጥቂት አሰበ። «ቆንጆ ነበረች?»

«ደህና ነበረች።»

«ወይ ኪሳራ!» አለ።

ሐሙስ ማለዳ ሹሙ፣ ከንቲባውና ሽማግሌው ሐኪም መጥተው በክፍሏ ውስጥ ባሉት ሦስት ወንበሮች ሲቀመጡ፣ ባለ ሰዓቱ አልነበረም።

«የት ነው ሰውዬው?» አለ ሹሙ።

«በአስቸኳይ ጉዳይ ጓሮ ናቸው፣ ጌታዬ» አለች ሰፊዋ።

ሐኪሙ አፉን በእጁ ሸፈነ። ባለ ሰዓቱ ኮቱን አስተካክሎ ገብቶ እጅ ነሣ፤ ሹሙም መዝገቡን ከፍቶ ስሙንና ሥራውን ጠየቀው፤ በትክክል መለሰ።

«በሰዓቱ ላይ ውኃ አፍስሰሃል የሚባለውስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ክቡር ሹም። ባለቤቴ ሙላው አለችኝ፤ ሞላሁት። ያን ቀን ታምሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷም ‹ጠምዝዘው› ነው የምትለኝ።»

ከንቲባው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሹሙ አልሳቀም።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ባለ ሰዓቱ በመስኮት በኩል የማማው ጥላ አደባባዩ ላይ የወደቀበትን አየ። «ሦስት ሰዓት ከሩብ።»

ሹሙ የኪሱን ሰዓት አውጥቶ ከፈተ። «ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ስተሃል» አለና ብዕሩን አነሣ።

ሰፊዋ በሹማምንት ፊት ተናግራ አታውቅም ነበር፤ የብዕሩን ጫፍ ወረቀት ሲነካ ስታይ ግን አፏ ራሱ ተከፈተ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ፤ ክቡር ከንቲባን ይጠይቋቸው። እሳቸውስ ስንት ሰዓት ነው ይላሉ?»

ከንቲባው ሰዓቱን አወጣ፤ አየው፤ ሹሙን አየ፤ እንደገና ሰዓቱን አየው። «እንግዲህ... ሦስት ከሩብ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እሳቸውንም ይጻፏቸው» አለች። «እኔንም፣ ዳቦ ጋጋሪውንም፣ እዚህ አደባባይ የቆመውን ሁሉ ይጻፉ። እኛ ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ ነው የምንቆጥረው፤ እናንተ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ። የማዶው ግቢ አይበቃንማ!»

ሐኪሙ አሁን ሳይደብቅ ሳቀ። ሹሙ ፊቱ ቀላ፤ ሆኖም ብዕሩን አላስቀመጠም፤ ከነገ ወዲያ ሰዓቱ በባቡር ሰዓት እንደሚቀየር፣ አንድ ከተማ ሁለት ሰዓት ሊያነብ እንደማይችል፣ ሁለቱን ለይቶ መያዝ የሚችል ጤነኛ ጠባቂም እንደሚያስፈልግ ደርድሮ ተናገረ። ከንቲባውም ሕዝቡ የለመደውን ሰዓት ቢነጥቁት እንደሚያጉረመርም አነሣ፤ ሁለቱ መከራከር ያዙ። በዚህ መካከል ሰፊዋ ባሏን አየችው፤ ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሏል፤ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ከጭጋጉ በፊት የሚያሳየው መልክ ይኸው ነበር።

«ጅራቱ» አለ ባለ ሰዓቱ ድንገት።

ሁሉም ዞሩ።

«ጅራቱን ቀይ እንቀባው።»

ሹሙ ቅንድቡን አንሥቶ ወደ መዝገቡ ጎነበሰ። ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«የሰዓት ጠቋሚውን ዘንግ ነው የምለው» ብሎ ቀጠለ ባለ ሰዓቱ፣ ክርክራቸውን ስላቋረጠ አፍሮ። «ረጅሙ ዘንግ ደቂቃውን ይቆጥራል፤ ደቂቃ ለእናንተም ለእኛም አንድ ነው። አጭሩ ሰዓቱን ይጠቁማል፤ አጭሩ ደግሞ ሚዛን እንዲጠብቅ በወዲያ በኩል ጅራት አለው። ጫፉ ሦስት ላይ ሲሆን ጅራቱ ዘጠኝ ላይ ነው። ጫፉ አንድ ላይ ሲሆን ጅራቱ ሰባት ላይ። በሰዓታችን መካከል ያለው ልዩነት ልክ ስድስት ነው፣ አይደለም? እንግዲህ ጅራቱ አርባ ዓመት ሙሉ የባቡር ሰዓት ሲቆጥር ኖሯል፤ ማንም አልጠየቀውም እንጂ። ትንሽ ይርዘም፣ ቀይም ይቀባ፤ አገሬው በጥቁሩ፣ ተሳፋሪው በቀዩ ያንብብ።»

 ሹሙ ተነሥቶ ወደ አደባባዩ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከትለውት አንገታቸውን ወደ ማማው አቀኑ፤ ጥቁሩ ጫፍ ከሦስት አለፍ ብሎ፣ አጭሩ ጅራት ከዘጠኝ አለፍ ብሎ ይታይ ነበር። ሹሙ ጅራቱን ከኪሱ ሰዓት ጋር ሁለት ጊዜ አስተያየው።

«እጅህን ዘርጋ» አለው ሐኪሙ ባለ ሰዓቱን፣ ለሹሙ እንዲታይ።

ዘረጋ። ክንፉ አልተነቃነቀም።

ሹሙ መዝገቡ ላይ የጀመረውን ቃል ሰረዘው፤ ሲሄድም ለሰፊዋ ባርኔጣውን አነሣላት።

በከተማዪቱ መዝገብ ቤት ያለው ጽሑፍ፣ «የምድር ባቡሩ ሹም ባመነጩት ብልሃት ሁለቱ ሰዓታት በአንድ ገጽ እንዲነበቡ ሆነ» ይላል፤ በማማው ግርጌም የእሳቸውና የከንቲባው ስም በድንጋይ ተቀርጾ ነበር። ባለ ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ፤ ደህና ቀንም ጭጋግ ቀንም ነበረው፤ በመጨረሻው ዓመት ጭጋጉ በዛ፤ ሆኖም በገዛ አልጋው ላይ፣ ከሰዓቱ ድምፅ ሥር ነው ያረፈው። ታሪክ ባቡሩ የገባበትን ቀን አልዘነጋም፤ ሁለት መቶው ባንዲራ መውለብለቡንም ጽፏል፤ በአንድ ቤት ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደተቀዳ ግን የጻፈ የለም፤ መዝገብ የሚይዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከጓሮ በኩል አይገቡም።

ዓርብ ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና ሩቅ ነበር። አንጥረኛው ጅራቱን አርዝሞ ዘንጉን ከባንዲራዎቹ መካከል በስፌት ጠረጴዛዋ ላይ አጋደመላትና ወጣ፤ ሰፊዋ ትቀባለች፤ ባሏ ትራስ ተደግፎ ያዛታል።

«ወደ ጥቁሩ አትለፊ። ባቡር ይገለበጣል።»

«አንተ አጓትህን ጨርስ።»

«ጨርሻለሁ። እጅሽ ተንቀጠቀጠ እኮ፤ ልመርምርሽ?»

«ዝም በል፣ ጫፉ ላይ ደርሻለሁ።»

ትንፋሿን ይዛ የመጨረሻውን መስመር ሳበች፤ ወደ ጥቁሩ አላለፈችም፤ አንድም ጠብታ አላመለጣትም። ከዚያ ብሩሹን በዘይት አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጋ መስኮቱ ላይ አቆመችው።