የፀዳለና የዳልጮ መዝገብ

«የመዝገብ ቁጥር ሳትይዢ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለ ሰይፈሥላሴ፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ። «መዝገብ ቤት እንጂ ጠንቋይ ቤት አይደለም ይሄ።»

የፌቨን እናት ፀዳለ ማመልከቻዋን በመስኮቱ ቀዳዳ መልሳ ገፋችለት። «አንቺ የሚሉኝ እህትዎ ነኝ? ስሜ ተጽፏል፣ የሰውየው ስም ተጽፏል፣ ዓመተ ምሕረቱም ተጽፏል። የፍቺ ውሳኔ ግልባጭ ነው የጠየቅኩት። ሥራዎ አይደለም እንዴ?»

«ሥራዬን አንቺ አታስተምሪኝም።»

«ካልሠሩትማ ማን ያስተምርዎት?»

ፌቨን ከእናቷ ኋላ ቆማ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ጠዋት ቆላ ካለው ሰፈራቸው ከሲቀላ ሲነሱ ላብ በላብ ነበሩ፤ ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን አቀበት ጨርሶ ደጋ ላይ ያለችው የወረዳ ከተማ ሲያራግፋቸው ግን ጉሙ የፍርድ ቤቱን ቆርቆሮ ውጦት ነበር። እናቷ «ሹራብ ያዢ» ብላታለች። ሆን ብላ ትታው መጣች። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ ሰሞኑን ደግሞ እናቷ አድርጊ ያለቻትን ላለማድረግ ምላለች።

ምክንያቱ ነህምያ ነው። ነህምያ ሲቀላ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፣ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይመራል፣ ቤት በመጣ ቁጥር ደግሞ ፌቨንን «ልጄ» ይላታል። ልጄ! ማን ልጅህ አደረገኝ? እናቷ ልታገባው ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ግን ፍንክች አላሉም፤ የፀዳለ የመጀመሪያ ትዳር በሕግ መፍረሱን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልመጣ ጋብቻው በምእመናን ፊት አይነገርም። ሳይነገር ደግሞ ሠርግ የለም። የፊታችን እሑድ መነገር መጀመር አለበት፤ ዛሬ ዓርብ ነው።

ይህን ሁሉ ለፌቨን ቁልጭ አድርጎ ያስረዳት አባቷ ዳልጮ ነው። ትናንት ደውሎ፣ «ያ ወረቀት ካልተገኘ ማንም አያገባትም፤ ገባሽ የኔ ቆንጆ?» አላት። «አብሬሽ ልሂድ በያትና እንደምንም ብለሽ አሰናክዪው። እኔ ፍርድ ቤቱ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ሦስታችን ምሳ እንበላለን።»

ሦስታችን! ፌቨን ይቺን ቃል ስንት ጊዜ ለራሷ እንደደገመቻት እሷ ናት የምታውቀው። የአባቷ ቤት ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ከገበያው ማዶ ነው። ከመጡ ጀምሮ ዓይኗ የግቢው በር ላይ ነበር። እስካሁን የገባው አንድ ፖሊስና አንድ ፍየል የሚጎትት ሰውዬ ብቻ ነው።

ሰይፈሥላሴ በመጨረሻ ቁልፍ አንጠልጥሎ ወጣ። «የተዘጉ መዝገቦች መጋዘን ናቸው። መደርደሪያው ከተገነደሰ ቆይቷል» አለ። «እኔ ለማንም ብዬ አቧራ አልቅምም። ገብታችሁ ፈልጉ። እስከ ምሳ ሰዓት ካላገኛችሁ እዘጋለሁ።»

«ሕጉ እንደዚህ ይላል?»

«ሕጉ ሰኞ ተመለሺ ይላል። ትመለሻለሽ?»

ፀዳለ ከንፈሯን ነክሳ ገባች።

መጋዘኑ አይጥ አይጥ ይሸታል። በሲባጎ የታሰሩ መዝገቦች ወለሉ ላይ ተቆልለዋል፤ የተረፉት ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቀዋል። ፀዳለ አንድ እሥር እንዳነሳች አስሟ ተነሳባት። ደረቷን ይዛ እያሳለች ግድግዳውን ተደገፈች።

«ውጪ እማ፣ እኔ እፈልገዋለሁ» አለች ፌቨን።

እናቷ ሳሉ ያመጣውን እንባ እየጠረገች አየቻት። «በደንብ ፈልጊ እሺ? አደራሽን የኔ ልጅ።» ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ለስለስ ብላ ስታናግራት የመጀመሪያዋ ነበር። ፌቨን ይበልጥ ተናደደች። አሁን ደግሞ መለሳለሱን ምን አመጣው?

መዝገቡን ለማግኘት ብዙም አልተቸገረች። በየእሥሩ ላይ ዓመቱ በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፏል፤ የሚፈልጉት ዓመት እሥር ከነክሩ ማዕዘን ላይ ተጋድሟል። ከመሃሉ አንድ የነተበ አቃፊ ወጣ፤ አመልካች ፀዳለ አጵሎስ፣ ተጠሪ ዳልጮ ዳና ይላል። ፌቨን የሁለቱን ስም አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ አይታ አታውቅም። ቤታቸው ውስጥ አንድ እንኳ የሁለቱ ፎቶ የለም። የተገናኙት እዚህ፣ አይጥ መሃል መሆኑ ነው።

ከፍታ አላነበበችውም። አንድ ከረጢት ፈትታ ከታች ድረስ ጨመረችውና አፉን መልሳ አሰረችው። «እዚያው ብስብስ በል!» አለችው።

ስትወጣ እናቷ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር።

«የለም» አለች ፌቨን።

«እንዴት የለም?»

«የለም አልኩሽ እኮ እማ! ስንቴ ልንገርሽ?»

ሰይፈሥላሴ ጥርሱን በክብሪት እንጨት እየጎረጎረ መጣ። «መዝገቡ ከሌለማ አዲስ አቤቱታ ማቅረብ ነው» አለ። «ለሰውየው መጥሪያ ይወጣል። ቀርቦ ትዳሩ ፈርሷል ወይም አልፈረሰም ይላል። ካልቀረበ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል። በቃ።»

ፀዳለ ሳቀች። ፌቨን እናቷ እንደዚያ ስትስቅ ሰምታ አታውቅም፤ ክፉ ሳቅ ነበር።

«ዳልጮ? በቀጠሮ?» አለች። አንቱታውንም ረሳችው። «ስማ ወንድሜ፣ ይቺን ልጅ አዝዬ ይሄን አቀበት ስንት ጊዜ እንደወጣሁ ታውቃለህ? እሱ እዚህ ገበያ ማዶ ቁጭ ብሎ! ዛሬ አሞኛል፣ ነገ ለቅሶ አለብኝ፣ ደግሞ መጥሪያው አልደረሰኝም። ዳኛው ራሱ ተሰላችቶ ነው የፈረደልኝ። ዳግመኛ ዳልጮን እዚህ በር ላይ ቆሜ አልጠብቅም። ብሞት አልጠብቅም!»

«እንግዲያው ሠርጉን ተይዋ።»

«እተወዋለሁ።» ማመልከቻዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ለነህምያም ሠርጉ ቀርቷል ብዬ እነግረዋለሁ።»

ሄዳ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ለፌቨን ይሻላት ነበር፤ ዝም ብላ የጫማዋን ጭቃ ነው የምታየው። በአንድ ጊዜ ያረጀች መሰለች።

እንግዲህ ፌቨን አሸንፋለች። ያሰበችው ሁሉ ሆኖላታል፤ ደስታው ግን አልመጣም። እናቷ «እዚህ በር ላይ ቆሜ» ስትል እሷም ያንኑ በር እያየች ነበር። ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ዕለትም ለአባቷ ከጎኗ ወንበር ይዛ እንደዚሁ በር በር ስታይ ነው የዋለችው። ያኔ መኪና አጥቶ ነው ብላ ለጓደኞቿ ነገረቻቸው። ዛሬ ምን ልትል ነው? ግቢው ጥግ ሄዳ ደወለች።

«አባ፣ የት ነህ?»

«ተገኘ እንዴ?» አለ ዳልጮ፣ ሰላም እንኳ ሳይላት። ከኋላው የከረንቡላ ድንጋይ ሲጋጭና ወንዶች ሲንጫጩ ይሰማል።

«አልተገኘም።»

«አንበሳ! የአባቷ ልጅ! አሁን ታያታለች ያቺ ሴትዮ።»

«እዚሁ ነን እኮ። ምሳ ብለህ አልነበር?»

«ዛሬማ አይመቸኝም የኔ ቆንጆ፣ ሰዎች ይዘውኛል። ሌላ ቀን።»

«አባ፣ እማን እንድትመለስ ፈልገህ አይደል?»

«ማን? እሷን?» ዳልጮ ከልቡ ሳቀ። «ምን ላደርጋት ብዬ? እንዳሻት እንዳትሆን ነው እንጂ። በይ፣ ተራዬ ደርሷል፣ ቻው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ፌቨን ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆየች። ፊቷ ጋለ። እስካሁን የተናደደችው ሁሉ ከዚህ ንዴት ጋር ሲተያይ ቀልድ ነበር። «ጅል!» አለች። ለአባቷ ይሁን ለራሷ እሷም አላወቀችውም፤ ለሁለቱም ይበቃል።

ስትመለስ ሰይፈሥላሴ የመጋዘኑን በር ሊቆልፍ ነበር። በእሱና በበሩ መሃል ገብታ ቆመች።

«ይክፈቱት።»

«ምን?»

«አንድ ቦታ አላየሁም።»

«ምሳ ሰዓቴ ነው! ሴትዮ፣ ልጅሽን ያዢልኝ!»

«ይክፈቱት አልኩ!» ድምጿ ግቢው ውስጥ አስተጋባ፤ ፖሊሱ ዞሮ አየ። ሰይፈሥላሴ አቅማማ፣ ተሳደበ፣ በሩን ለቀቀው። ፌቨን በቀጥታ ወደ ከረጢቱ ሄደች። ክሩ አልፈታ ሲላት በጥርሷ በጠሰችው።

አቃፊውን ይዛ ስትወጣ ፀጉሯ የሸረሪት ድር በድር ሆኖ ነበር። ፀዳለ ከደረጃው ተነስታ ተቀበለቻት፤ ስሞቹን አነበበች፤ ከዚያ ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

«የት ነበር?»

ፌቨን ልትዋሽ ትችል ነበር። ውሸቱ ምላሷ ላይ ደርሷል፤ ከረጢት ሥር ገብቶ፣ አይጥ ጎትቶት፣ ምናምን።

«እኔ የደበቅኩት ቦታ» አለች።

ሰይፈሥላሴ «ወይ ጉድ!» ብሎ አጨበጨበ። ፀዳለ ግን እሱን አልሰማችውም።

«አባትሽ ነው?»

«እሱ ነገረኝ። ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ።»

የእናቷ እጅ ተነሳ። ፌቨን ዓይኗን ጨፈነች፤ ጥፊው አልመጣም። ስትገልጥ እናቷ እጇን መልሳ አውርዳዋለች። «ምን ዓይነት ልጅ ነሽ አንቺ? ነህምያን ውደጂልኝ ብዬሻለሁ? አንድ ቀን ብዬሻለሁ?»

«አልወደውም!»

«አትውደጂው!»

ተፋጠው ቆሙ። ሁለቱም ያለከልካሉ።

«ጭቅጭቁን ቤታችሁ» አለ ሰይፈሥላሴ። «የኛ ማሽን ተበላሽቷል። ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ አስነሱና ኑ፤ አመሳክሬ ማኅተም አደርግበታለሁ። ፍጠኑ፣ ምሳዬን አታሳጡኝ። ግን መዝገቡ በዚች ልጅ እጅ አይወጣም፤ አላምናትም።»

«ማን ይመኗት አለዎት?» አለች ፀዳለ። አቃፊውን ፌቨን ደረት ላይ ገፋችው። «ያዢ። ይሄን አቧራ ተሸክሜ ልታፈን እንዴ?»

ፌቨን በሁለት እጇ ያዘችው። መንገዱን ተሻግረው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ትንሽ እንደሄዱ፣ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም» አለች።

«ማን ለመነሽ?»

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ደረሱ። ባለቤቱ ማሽኑን እስኪያሞቅ ፌቨን አቃፊውን አልለቀቀችም።

«ብመጣም ከኋላ ነው የምቀመጠው» አለች።

እናቷ ከልጇ ፀጉር ላይ የሸረሪቱን ድር በጣቷ እየለቀመች ቆየች፤ ለቀማው ለስለስ ያለ አልነበረም፣ ፀጉሯንም ይነጫል።

«ከኋላ ቶሎ ይሞላል» አለች። «በጊዜ ነይ።»