ፒንጉ ዜሮ ያለ ቀን

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ ሙቅ ውሃ ስደፋ «ቢስሚላህ በይ፣ ጂን ታቃጥያለሽ» ስትለኝ እንኳ እሷን ደስ ይበላት ብዬ እንጂ አምኜበት ብዬው አላውቅም። የተማርኩት ኔትወርክ ነው፣ በኛ ሙያ አንድ ነገር ከተበላሸ የሆነ ቦታ ምክንያት አለው፣ ፈልገሽ ታገኚዋለሽ፣ አለቀ።

ነገሩ የሆነው በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ ነው። እኛ ቡራዩ ነን፣ መንገዱ በድንጋይና በጎማ ተዘግቷል፣ አባቴ ሱቁን ከዘጋ ሰንብቷል፣ እኔም ሥራ ስለሌለ ከሰዓት በኋላ ሰበታ ካለው የአክስቴ ልጅ ከጀማል ጋር ኦንላይን የተኩስ ጌም እጫወታለሁ። ውጭ እውነተኛው እየተሰማ እናንተ ጌም ላይ ትተኩሳላችሁ ወይ ትሉ ይሆናል፣ እውነታችሁን ነው፣ ግን ጭንቀቱን የምንረሳበት ሌላ ነገር አልነበረንም። ጀማል ደግሞ ያን ሰሞን ቤት ብቻውን ነው፣ እናቱ ጫንጮ ለቅሶ ሄዳ መንገድ ተዘግቶባት እዚያው ቀርታለች።

የዚያን ቀን ጌሙ አላጫውት አለን። ሮጬ ግድግዳው ጋ ደረስኩ ስል መልሶ መነሻዬ ላይ ያቆመኛል፣ የተኮስኩት ጥይት እኔ ከሞትኩ በኋላ ይወጣል። ፒንጉ፣ ማለቴ የኛ ትእዛዝ ውጭ አገር ያለው ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ሌላ ቀን ሁለት መቶ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ ያን ቀን ሺህ አለፈ። ጀማል በማይኩ ይነጫነጫል፣ እኔ ተራ በተራ ማጣራት ጀመርኩ፣ ዋይፋዩን ትቼ በኬብል ሰካሁ፣ የአባቴ ስልክ የሚያወርደው ነገር ይኖራል ብዬ ከመስመሩ አስወጣሁት፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ከኮምፒውተሬ እስከ ራውተሩ ያለውን ለካሁ፣ ንጹህ ነው። ችግሩ ከቤታችን ውጭ ነው ልለው ስል ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፣ ወረደ ወረደና ዜሮ ላይ ቆመ።

ዜሮ ሆኖ አያውቅም፣ ሊሆንም አይችልም። ዜሮ ማለት ያ ሩቅ ያለው ሰርቨር እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብሏል እንደማለት ነው። አንተም ጋ እንደዚህ ነው ወይ ልለው አፌን ስከፍት በኢርፎኑ ውስጥ በር ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ በጥፍር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ከዚያ ወንበር ተጎተተ፣ ከዚያ ጀማል «መጣሁ» አለ፣ ከዚያ ጸጥ። ሰው የማያወራበት ማይክ እንኳ የሆነች እፍፍ የምትል ነገር ታሰማለች፣ ይሄ ግን ምንም አልነበረውም።

«ማን መጣ?» አልኩት።

«የት?» አለኝ። ከመቀመጫው እንዳልተነሳ፣ አፉን እንዳልከፈተ፣ ማንም እንዳላንኳኳ ነገረኝ። ቀልደኛ ስለሆነ አላመንኩትም። ልቆጣው ስል ኢንተርኔቱ ጭራሽ ድርግም አለ፣ ያን ሰሞን ሲጠፋ ለሁሉም ሰው ነበር የሚጠፋው።

ስልክ ግን ይሠራል። ልቤ አላርፍ ስላለኝ ደወልኩለት፣ ስለ ኔትወርኩ እያማረርን ሳለ በስልኩ ውስጥ በር ተንኳኳ። ያው ራሱ። ቀስ ብሎ፣ በጥፍር። ወንበሩ ተጎተተ፣ ያው ድምፅ። ጀማል ከስልኩ ዞር ብሎ «መጣሁ» አለ።

«ጀማል፣ እንዳትከፍት!» አልኩት፣ መጮኼን ያወቅኩት አባቴ ከሳሎን ሮጦ ሲመጣ ነው።

የጀማል እርምጃ ቆመ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ፈቲ፣ የት ነሽ አንቺ?» አለኝ።

«ቤት ነኛ፣ ቡራዩ።»

«እና ይቺ የምትጠራኝ ማናት?»

እኔም ሰማኋት። ሴት ናት፣ «ጀማል፣ ናፍ በኒ» ትለዋለች፣ ክፈትልኝ፣ ስሙን እኔ ስጠራው እንደምጎትተው ጎትታ። የገዛ ድምፄ ነበር። ድምፅሽ ዞሮ ተመልሶ ይሆናል እንዳትሉኝ፣ እኔ የዚያን ቀን ያን ቃል አልተነፈስኩም። አባቴ ጆሮውን ስልኩ ላይ አስጠግቶ ሰማ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ከንፈሬን አየ፣ አለመንቀሳቀሱን፣ ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ጀማል አልከፈተም፣ መንኳኳቱም ጥሪውም በራሱ ጊዜ ቆመ።

መንገድ እንደተከፈተ ሰበታ ሄድኩ። ከጀማል ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩት ኦቦ ገመቹ የመንገዱን ሁኔታ ሲያዩ ያን ከሰዓት በሙሉ ደጃቸው ላይ ቆመው እንደዋሉ ስሰማ ገብቼ ጠየቅኳቸው፣ ያን ቀን እነጀማል በር ላይ የቆመች ሴት አይተው እንደሆነ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በሩ ላይ ማንም አልቆመም» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አየት አደረጉኝና፣ «አንቺ ግን ከቤቱ ውስጥ ክፈትልኝ እያልሽ ስትጣሪ ሰምቻለሁ፣ ማን ነበር የቆለፈብሽ?» አሉኝ።

ይህን ለጀማል እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፣ አሁንም እዚያው ቤት ነው የሚያድረው።