የአቶ ፊሊጶስ ምድጃ

አቶ ፊሊጶስ አልጋቸው ላይ እንደተኙ ሞተው ተገኙ። ከአልጋው አጠገብ ከመኪና ቸርኬ የተሠራ የብረት ምድጃ አመድ ለብሶ ቆሟል። መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። የአሰላ ብርድ ክፉ ነው፤ በዝግ ቤት ከሰል ሰው መጨረሱም አዲስ ነገር አይደለም። ምክትል ኢንስፔክተር ቱፋ ሲደርስ ሰፈሩ ገና ሳያለቅስ ፈርዶ ነበር።

«ሙቢና ናት» ይላል አንዱ።

«ስልኳን ስትነካካ ረስታው ነዋ!» ይላል ሌላው። «የዘንድሮ ልጅ ምን ልብ አለው?»

ሙቢና የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ናት። እናቷ ከዲጃ በዚሁ ግቢ ተከራይታ በመንገድ በኩል ሱቅ ከፍታለች። ልጅ ላልወለዱት ሽማግሌ በየምሽቱ ምድጃ አያይዛ የምታስገባላቸው ሙቢና እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌው ጆሯቸው ከብዷል፤ እሷ ጠዋት እንድትገባም በራቸውን አይቆልፉም።

ቱፋ ብዙ አይናገርም። ግቢውን ዞረው። ከቤቱ ጀርባ በአሮጌ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ጤና አዳም በቅሎ አየ። ጎንበስ ብሎ ግንዱን ሳብ አደረገው። አልነቃነቅ አለው። ወደ ቤቱ በር ተመለሰ።

ከዲጃ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ጌታዬ፣ ማሩልኝ። ወላሂ ክፋት የላትም። ልጅ ናት፣ አእምሮዋ ገና ነው።»

«ምድጃውን ስታስገባ አይተሻታል?»

«እኔ እስኪመሽ ሱቅ ነኝ። ግን ከእሷ ሌላ ማን ያስገባል?»

«እሷን ጠየቅሻት?»

ከዲጃ ግራ ገባት። «ምኑን ልጠይቃት? የታየ ነገር ነው። በጥፊ አልኳት።»

የሟች የወንድም ልጅ ግዛቸው፣ ጢቾ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣው ትናንት ነበር፤ በረንዳው ጫፍ ባለችው ክፍል አደረ።

«አጎቴን በልጅ ቸልተኝነት አጣሁ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ትናንት አመሻሽ ላይ በዓይኔ አይቻታለሁ። ከሰሉ በደንብ ሳይቀላ ይዛው ገባች።»

«ለምን አላስቆምካትም?»

«ሁሌ የምታደርገው ነው። መስኮቱን ትዘጋለች ብዬ መች ጠረጠርኩ?»

«ምድጃው የእሳቸው ነው?»

«የአጎቴ ነው። ሌላ የላቸውም።»

«ልጅቷ ትከሰስ ትላለህ?»

ግዛቸው ተነፈሰ። «ታሳዝነኛለች። ግን ሌላው ልጅ ይማርባት።»

ሙቢና ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ጉንጯ ቀልቷል። የተማሪ ሸሚዟን ብቻ ለብሳ ትንቀጠቀጣለች።

«ኮቱ፣ ኢንተላ» ብሎ ቱፋ በኦሮምኛ ጠራት። ተነሥታ መጣች። «እሳት አስገብተሻል?»

«አላስገባሁም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለማን? ሁሉም ፈርዶ ጨርሶ ነው የመጣብኝ።»

«ሹራብሽስ የት አለ?»

አንገቷን ደፋች። «አባባ ፊሊጶስ ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል።»

«የሞተ ሰው መሐላ አይጠብቅም።»

«እኔ እጠብቃለሁ» አለች።

ቱፋ ትንሽ አያትና ወደ ሟቹ ክፍል ተመለሰ። ኮንስታብል ኖህ አልጋውን እየፈተሸ ነበር። ከእግር በኩል ብርድ ልብሱን ሲገልጥ፣ በአረንጓዴ የተማሪ ሹራብ የተጠቀለለች ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አገኘ። እጁን ቶሎ ሰበሰበ።

«ሽንት ነው፣ ጌታዬ። ሽማግሌ ናቸው፣ በብርድ ወጥተው...»

«ሽንቱን በሹራብ ጠቅልሎ እግሩ ሥር የሚያስገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ቱፋ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ። ንጹሕ ውሃ ነው።

በዚህ መሐል ከውጭ ጩኸት ተሰማ። በር ላይ በቆሎ እየጠበሰች የምትሸጠው ፋጡ ናት። «ምድጃዬን ያየ!» ትላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሰው ለቅሶ ምድጃ ትፈልጊያለሽ?» አላት አንድ ጎረቤት።

«ታዲያ በቆሎውን በምን ልጥበሰው? በእንባችሁ?»

ቱፋ ለብቻዋ ጠራት። «የት ነው የምታሳድሪው?»

«በረንዳው ጫፍ ላይ። አቶ ፊሊጶስ ፈቅደውልኝ ነው፣ አፈሩ ይቅለላቸውና። ትናንትም ፍም እንዳለበት ትቼው ሄድኩ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያኔ አጎትና የወንድም ልጅ ስለ ግቢው ሲጨቃጨቁ ነበር። ይሸጥ ይላል እሱ። እኔ በሕይወት እያለሁ አይሸጥም አሉት።»

ቱፋ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበ። የብረቱን ምድጃ፣ ጤና አዳም የበቀለበትን ሸክላና ጀሪካኗን መሐል አስቀመጠ።

«አቶ ፊሊጶስ የነበራቸው ምድጃ ይህ ሸክላ ነው» አለ። «አሁን ጤና አዳም ሥር ሰዶበታል። የትናንት ተክል አይደለም። ስለዚህ እሳት ከተዉ ቆይተዋል። ታዲያ በምን ይሞቁ ነበር? በዚህች። ትናንት ማታ ሙቅ ውሃ ነበር። የጠቀለለችው በራሷ ሹራብ ነው። ዛሬ በብርድ የምትንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።»

«ያ የብረቱ የእኔ ነው!» አለች ፋጡ።

«የአንቺ ነው። ከግዛቸው በር ላይ ተነሥቶ ነው የገባው። በር ላይ ያለን ዕቃ ማንም ያነሣዋል ልትሉ ትችላላችሁ። እናንተ ሁላችሁም ሙቢና ናት አላችሁ፤ ገመታችሁ። በዓይኔ አየሁ ያለኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ያልተደረገ ነገር አየ። የፋጡንም ምድጃ የአጎቴ ነው አለኝ። የድሮውን ልማድ ያውቃል፤ መቅረቱን አላወቀም፣ ጢቾ ነበራ።»

ሰው ሁሉ ወደ ግዛቸው ዞረ።

«ቀልድ ነው!» አለ ግዛቸው። «ይህን ሁሉ ልጅ ታስበዋለች?»

ሙቢና ቀና ብላ አየችው። ድምጿ አልጮኸም።

«ጋሼ ግዛቸው፣ ያን ጊዜ ስትመጣ መጀመሪያ የነገርኩት ለአንተ ነው። የከሰል ጭስ ሳይሸትም እንደሚገድል ስንማር፣ እኔን አይሰሙኝም፣ አንተ ንገራቸው ብዬ ለመንኩህ። ጎበዝ፣ ለእኔ ተዪው አልከኝ። ጠበቅኩህ። ዝም ስትል እኔው ለመንኳቸው። በልጅ ተመክሮ እሳት ተወ እንዳይሉኝ አትናገሪ ብለው እሺ አሉኝ።»



«ከእሷ የሰማኸውን መግደያ አደረግኸው» አለ ቱፋ። «ጥፋቱንም በእሷ ላይ ጫንከው። እሷ ግን ያንተን ቃል ጠብቃ አልቀረችም።»

«ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ብዬ...» አለና ግዛቸው አፉን ያዘ። ዘግይቷል። ኖህ ክንዱን ጨበጠው።

ሲፈርዱ ያረፈዱት አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ሙቢና ጀሪካኗ አጠገብ ቆመች።

«ሹራቤን ልውሰድ?»

«ማስረጃ ነው» አላት ቱፋ። «ራሴ አመጣልሻለሁ።»

ከዲጃ ፎጣዋን ከትከሻዋ አውርዳ ልታለብሳት ቀረበች። እያለቀሰች ነበር።

«ልጄ፣ አውፍ በይኝ። ሁሉም ሲሉኝ ጊዜ...»

«አንቺ ሁሉም ነሽ እንዴ፣ እማዬ?»

ከዲጃ ፎጣውን እንደዘረጋች ቀረች። «እሺ ልበሺው ብቻ።»

«አልበረደኝም» አለች ሙቢና፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።